ቃል በቃል

በዚያ ሳምንት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማስተምረው የእንግሊዝኛውን ቀጥተኛ ንግግርና ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ነበር።

"በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው የተናጋሪው የራሱ ቃል ነው" አልኳቸው። "ጥቅሱን ስታነሱት ግን ቃሉ በአድራሹ እጅ ይገባል። 'እኔ' የነበረው 'እሱ' ይሆናል፤ 'ነገ' የነበረው 'በማግስቱ' ይሆናል፤ ግሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል።"

"አድራሹ ቢዋሽስ፣ ቲቸር?" አለች ከኋላ የተቀመጠች አንዷ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔም አንዲት አድራሽ መጠርጠር ከጀመርኩ ወራት አልፈውኛል።

አድራሿ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አባባም የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው ነገር የለም።

የተጣላነው በአንድ ታሪክ ነው። የጥንት ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጥተው፣ የጋራዡ አለቃ የሰደበው ዕለት ምን ብሎ እንደመለሰለት ያወራላቸዋል። ይህ ታሪክ በየዓመቱ እየጎለመሰ የሄደ ነው። ያን ቀን ደግሞ ባሰበት። "'እንካ መፍቻህን! እኔ የሰው እንጂ የውሻ አሽከር አልሆንም!' ብዬ እግሩ ሥር ወረወርኩለት" አለ።

ምላሴን አላስችለው አለው። "አባባ፣ ምሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር እኮ። ያልከው 'እሺ ጌታዬ' ነው።"

እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። አባባ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ፣ "ከዚህ ቤት ውጪልኝ" አለ። ወጣሁ። በሩን የዘጋሁት መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአባባን ቃል የምሰማው በእታለም ስልክ ነው። አንድ ቀን፣ "አባባ ይቅር በዪኝ በያት አለ" አለችኝ።

"ቃል በቃል እንዲህ አለ?"

"አዎ አልኩሽ።"

በሌላ ቀን ደግሞ፣ "ልጄን አስቀየምኳት፣ ናፈቀችኝ አለ" አለችኝ። አባባና ናፈቀችኝ! አባባ ሲናፍቅ፣ "ያቺ ልጅ ሞተች እንዴ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። "ናፈቀችኝ" የእታለም ቃል ነው፤ ለደንበኞቿም እንዲሁ ነው የምትለው።

ቀጥሎ ሐሙስ ዓይኑን ኦፕራሲዮን እንደሚሆን ነገረችኝ። "ልምጣ?" አልኳት።

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። "አትምጣ ብሏል።"

ነገሩ አልጣመኝም። የናፈቀ ሰው እንዴት አትምጣ ይላል? ብቻዋን ጦራው፣ ብቻዋን ልትመረቅ ነው አልኩ በሆዴ። ደግሞ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜው ቢላ ሥር እየገባ፣ እንደተኳረፍን ብንቀርስ? ይቅርታውን ከራሱ አፍ ሳልሰማ እንዴት አድራለሁ?

ማክሰኞ ቀን፣ እታለም ስፌት ቤቷ ሳለች፣ በጓሮ በር ገባሁ። አባባ መስኮቱ አጠገብ፣ ጥላሸት ያልለቀቀውን አውራ ጣቱን እያሻሸ ተቀምጧል። የመፍቻ ሣጥኑ ከአልጋው ሥር ነው።

"ትልቋ፣ አንቺ ነሽ?" አለ።

የእኔና የእታለም ድምፅ አንድ ነው፤ ደንበኞቿ እንኳን በስልክ ይሳሳታሉ። ተንኮሌ መጣ። ዛሬ እይዛታለሁ አልኩና፣ "አዎ" አልኩት።

"ቶሎ መጣሽ። ያቺ ንቢት ምን አለች?"

ንቢት እኔ ነኝ፤ ስለምናደፍ ነው። "ምን ብዬህ ነበር?" አልኩት በጥንቃቄ።

"ረሳሽው? 'አጥፍቻለሁ፣ አባባ ይቅር ይበለኝ' እያለች ታለቅሳለች አላልሽኝም?"

ክው አልኩ። እንዲህ ብዬ አላውቅም። አልቅሼም አላውቅም።

"እኔ ግን አላመንኩሽም" ቀጠለ አባባ። "አውቃታለሁ፣ ይቅርታ ከአፏ አይወጣም፤ የኔው ብጤ ናት። አትምጣ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ከልቧ ካልሆነ ምን ይሠራልኛል? በይ እስቲ፣ ቃል በቃል ምን አለች?"

ለካ እታለም ሳትጨምር ሳትቀንስ ያደረሰችው "አትምጣ"ን ብቻ ነበር። የቀረውን፣ ሁለታችንም ያላልነውን ይቅርታ፣ ከዚህ ወደዚያ ስታመላልስ ከርማለች። እኔ ደግሞ ሌባ ልይዝ በጓሮ በር ገብቻለሁ። አፈርኩ። ናፍቆኝም ነበር፤ በጣም።

"ቃል በቃል..." አልኩት። "'ሰው ፊት አንተን ማረም አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ' አለች። 'ናፍቀኸኛል'ም ብላለች።"

አባባ አውራ ጣቱን ማሻሸቱን ተወ። "እንግዲያው በያት" አለ። "ያን ቀን ያልኩት 'እሺ ጌታዬ' ነው። ልክ ናት። አንዷ ልጄ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ፣ ሌላ ብዬ በምን ላበላት?"

ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። "እነግራታለሁ" ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ቀስ አድርገሽ ዝጊው" አለኝ ከኋላዬ። "ትልቋ በር ስትዘጋ አይሰማም። አንቺ ስትዘጊ ነው ሰፈሩ የሚደነግጠው።"

ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት ማንም ነይ ሳይለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቆ፣ አባባ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ጋደም ብሏል። እታለም ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ደንግጣለች። ትከሻዋን አቅፌ ቆምኩ። አባባ ግን ለነርሷ ወሬውን ይዞላታል። "'እንካ መፍቻህን!' አልኩት" ይላል። የዛሬው መፍቻ ደግሞ የአለቃውን ኮፍያ ይዞ ነው የሄደው።

ነርሷ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች። "የምሩን ነው?"

እታለም ክንዴን ጨበጠችኝ። የአባባም እጅ አንሶላው ላይ ቀጥ አለ።

"እዚያው ነበርኩ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። "ምሳውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው።"

"አስተማሪ ናት" አላት አባባ ለነርሷ። "የሰው ቃል አታጣምም።"