ምሰሶው ነው ጠማማው

መኪናዋ ትሸጥ የተባለ ዕለት ሴትዮዋ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ዋጋዋ ሳይሆን ስለዚያች ስርጉድ ነው። በኋለኛው የግራ በር ላይ፣ ከመያዣው ዝቅ ብላ፣ የሰው መዳፍ የምታህል ስርጉድ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ ታሪኳን ያውቃል። ባሏ መንዳት ሊያስተምራት መሪ ያስያዛት ጊዜ፣ ወደ ግቢ ስትገባ ቀድማ ጠመዘዘችና ከግቢው በር የሲሚንቶ ምሰሶ ጋር ተሳሳመች። ሰውየው ወርዶ የመኪናዋን በር አየ፣ ምሰሶውን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ ግን እጇን ከመሪው ሳታነሳ፣ «ምሰሶው ነው ጠማማው» አለች።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካችም፣ ቃሏንም አልለወጠችም። አንድ ጊዜ ባሏ ውሃ ልክ ተውሶ ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ስትል አሳይቷታል። ውሃ ልኩም ጠማማ ነው አለችው። «ችኬ» የሚላት በዚህ ነው፣ ችኮ ለማለት።

እሱን ሰፈሩ «ሹፌሩ» ነው የሚለው። ጎልማሳነቱን በሙሉ በዚያች ሰማያዊ መኪና ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ ሰው ይቅርና ዶሮ ገጭቶ አያውቅም። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፣ ቤቱም ኪሱም ያው እንደ ሁላችንም ነው። ስርጉዷን ግን አላስነካም አለ። ተሳፋሪ ምን ሆና ነው ሲለው፣ «የባለቤቴ ፊርማ ናት» ይላል። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን እየዞረ ጎማ ሲያይ፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው መዳፉን ያሳርፍባትና ያልፋል። እሷ ይህን በመስኮት ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ይሄ ሰውዬ ነውሬን አገር ላገር ይዞት ይዞራል ትላለች።

መርሳት የጀመረው በትንሽ በትንሹ ነው። መነጽሩን አጥልቆ መነጽሩን ይፈልጋል፤ እሷም ትስቅበታለች። ሳቁ ያበቃው ነዳጅ ማደያ በር ላይ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀምጦ፣ ቤቴ በየት ነው ብሎ ቀጂውን ሲጠይቅ የተገኘ ቀን ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ አለ። ሹፌሩ አልተከራከረም። ቁልፉን ራሱ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረና፣ «ሰው ሳልጎዳ በቃኝ» አለ። ደግሞ ደጋግሞ ለሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ አለ። ስም ሲያመልጠው፣ ቀን ሲያመልጠው፣ ይቺ አላመለጠችውም። ሰው ሳልጎዳ በቃኝ ሲል ትከሻው እንደ ዱሮው ቀጥ ይላል።

እሱ ለምርመራ ሐኪም ቤት በተኛበት ሰሞን፣ የተጨራመተ የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቃናውን ባትላሜራ ቤት ድረስ ጠራችው። ወጣቱ ባትላሜራ በሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ባትነካ ይሻላል። ቀለሙ የፋብሪካ ነው። ገዢ ስርጉዷን ያያል፣ ትንሽ ናት ብሎ ያልፋል። የተቀባ በር ካየ ግን ከሥሩ ምን ደብቀው ነው ይላል።»

«ሙሽራ ቀሚሷ ተቀዶ ትዳራለች?»

«መኪና ሙሽራ አይደለችም።»

ሥራውን ካልፈለገው ሌላ እንደምትጠራ ነገረችው። በልቧ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ዋጋ መጨመር ነው፤ ይሄንን ለሰው ትናገራለች። ሁለተኛው፣ ያቺ ፊርማ ስሟን ይዛ በማያውቃት ሰው እጅ እንዳትገባ ነው፤ ይሄንን ለማንም አልተናገረችም። ቆርቆሮው እንደዚያ ሆኖ ስለኖረ እንቢ አለ፣ አልመለስ አለ። ባትላሜራው ስቱኮ በሚሉት ሊጥ ሞላው፣ ፈገፈገው፣ ቀባው። በሩ ከሌላው አካል ይልቅ አበራ፣ በአሮጌ አፍ ውስጥ እንደገባ አዲስ ጥርስ።

ሹፌሩ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ጠዋት እንደ ልማዱ መኪናዋን ዞረ። እዚያች ቦታ ሲደርስ መዳፉ ተንሸራተተ። ቆመ። መልሶ ዳበሰ። እጁን ገልብጦ አየው።

ይቺ የኔ አይደለችም አለ። የማን ልትሆን ነው፣ ግባ ይልቅ ሻይህ ቀዘቀዘ አለችው። ልትነግረው አስባ ነበር። ግን የበሩ ነገር ከተነሳ የምሰሶው ይነሳል፣ የምሰሶው ከተነሳ ያ ሳቅ ይነሳል። ነገ እነግረዋለሁ አለች።

በማግስቱ መኪናዋን ሊያሻሽጥ የተጠራው ደላላ መጣ። ጫማው ከሚሸጣቸው መኪኖች የበለጠ ያብረቀርቃል፤ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል፣ ሲጽፍበት ግን አልታየም። ሹፌሩ ንጹህ ኮት ለብሶ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ደላላው ሥራውን ጮክ ብሎ ነው የሚሠራው። የመኪና ዋጋ ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ መደመርና መቀነስ ነው አለ። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ጣለ፣ የጭሱን ቀለም አየ፤ ጨመረ። ጎማው አልቋል፤ ቀነሰ። የፍሬን መርገጫውን ጎማ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ መርገጫው ግን አይዋሽም፤ የእናንተ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት አለና ጨመረ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ባለቤት ብቻ ነው ሲባል ደግሞ ጨመረ። ሴትዮዋ የቤቱ በር ላይ ቆማ በሆዷ አብራው ትደምራለች።

«አደጋስ፣ ጋሼ?»

ሹፌሩ መልስ ለመስጠት ከበርጩማው ተነሳ። «አንድም። ዕድሜ ልኬን።»

«በሉ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ይሄን ነው ገዢ የሚወደው።»

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አያት። ለአንድ አፍታ የዱሮው ሰው ሆነ።

ደላላው ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣ። ቀለሙ ሥር ብረት ካለ ትለጠፋለች፣ ስቱኮ ከሆነ አትይዝም። የፊት በር ላይ ተለጠፈች። ጣሪያው ላይ ተለጠፈች። ኋለኛው የግራ በር ላይ ስትደርስ ተንሸራታ መሬት ወደቀች። አንስቶ ደገማት፤ ወደቀች። ተንበርክኮ በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ሌላው በር ሲንኳኳ ይጮሃል፤ ይሄኛው እንደ ሞላ ማሰሮ ድፍን ነው።

ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ተመትታለች። ለዚያውም በደንብ።»

ሴትዮዋ ከቤቱ በር ተንደርድራ መጣች። ምን ተመታች፣ ትንሽ ስርጉድ ነበረች፣ እኔው ነኝ ያስጠገንኳት አለች። ደላላው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እትዬ፣ ትንሽ ነበረች የማይል ሻጭ አላየሁም፣ ገዢ እኔን አያምንም፣ ማግኔቷን ነው የሚያምነው አላት። ያን ሁሉ ሲደምር የቆየውን ትቶ ከዋጋው ሲሶውን ገመሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ፀሐይ እስክትጠልቅ አትለቀውም ነበር። ግን ባሏን አየችው።

ሹፌሩ ዋጋውን አልሰማም። በሩን እያየ ቆሟል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ማንን ነው?» አለ።

«ማንን ምን?»

«ማንን ነው የገጨሁት?»

ማንንም አልገጨህም አለችው። ያን ጊዜ መንዳት ስታስተምረኝ፣ ግቢ ስገባ፣ እኔ ነኝ የመታኋት አለችው። አልበቃም መሰላት። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከአፏ ወጥቶ የማያውቀውን ተናገረች፦ «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስርጉዷ ከበሩ ላይ ስትጠፋ ከሱም ውስጥ ጠፍታ ነበር። ሚስቱን በሐዘኔታ አያት።

«ችኬ፣ አንቺ ጥፋትሽን አምነሽ አታውቂም። ዛሬ ያመንሽው እኔን ለመሸፈን ነው።»

ከዚያ በኋላ የበላውን ይረሳል፣ የሚጠጣውን ይረሳል፣ የማግኔቷን መውደቅ ግን አልረሳ አለ። እህል አፉ ላይ ይዞ ይቆምና፣ ልጅ ነበር ወይስ አዋቂ ይላል። ተርፎ ይሆን ይላል። በር ሲንኳኳ ሊወስዱኝ መጡ ብሎ ኮቱን ይፈልጋል። እሷ ታምናለች፣ ደግሞ ታምናለች፤ የዕድሜ ልኳን ጥፋት ማመን በነዚያ ቀኖች ጨረሰችው። ባመነች ቁጥር እሱ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል። ባትላሜራውን አምጥታ አስመሰከረች። ሹፌሩ በትሕትና አዳመጠው፤ ሲጨርስ፣ ስንት ከፈለችህ ልጄ አለው። ባትላሜራው ዓይኑን አብሶ ወጣ። አንዲት «ነግሬዎት ነበር» ሳይላት በመሄዱ ይበልጥ አቃጠላት።

አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በርጩማው ባዶ ነው። ሰፈሩን አሰሰች። በመጨረሻ የተገኘው ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው። ጸጉሩን አበጥሮ፣ መንጃ ፈቃዱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አግዳሚው ላይ እንደ ተማሪ ተቀምጧል። ተረኛዋ ፖሊስ ሴትዮዋን ወደ ጎን ጠራቻት። አደጋ አድርሻለሁ ይላሉ፣ የት ስላቸው አያውቁም፣ መቼ ስላቸው አያውቁም፣ ካላሰራችሁኝ አልሄድም ብለዋል አለቻት።

አጠገቡ ተቀመጠች። ለመነችው፤ እኔ ነኝ አለችው፣ በትዳራችን አለችው። እጇን መታ መታ አደረገላት።

«ተይ፣ አትሸፍኚኝ። ሰው ቤት ሐዘን አለ፣ እኛ ሻይ እንጠጣለን።»

ይሄኔ አንድ ነገር ተበጠሰባት። ተለማምጣ፣ አልቅሳ፣ ምላ ስታበቃ የቀራት የገዛ ጠባይዋ ብቻ ነበር።

«የምን ሐዘን ነው! ያ የተረገመ ምሰሶ ነው እንጂ። ጠማማ ነው። ሲተከልም ጠማማ ነው፣ የተከለውም ሰው ዓይኑ ጠማማ ነበር።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ዞረ። «የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ያው እኮ ነው የምልህ።»

«ምሰሶው ቀጥ ያለ ነው። ውሃ ልክ አስቀምጬበታለሁ።»

«ውሃ ልኩም ጠማማ ነው።»

ሳቀ። ተረኛዋ ፖሊስ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ሳቀና መንጃ ፈቃዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ በይ እንሂድ ጨለምለም ሳይል አለ፣ ገና ጠዋት ነበር። ቤት እስኪደርሱ ስለ ምሰሶው ተጨቃጨቁ፤ የመንገዱ ሰው ዞር እያለ አያቸው። እውነቱን ስትነግረው ያላመናት ሰው የዱሮ ውሸቷን ስትደግምለት አመናት።

በዚያው ሳምንት ደላላውን ጠርታ የተገመሰውን ዋጋ ተቀበለች። ያለ ክርክር እሺ ስትል ደላላው ራሱ ደነገጠ፤ አሞዎት ነው እንዴ እትዬ አላት። ያ በር ከዓይኑ እንዲጠፋላት ነው የፈለገችው። ገዢው መኪናዋን ሲያስወጣ ሹፌሩ መንገዱ ላይ ቆሞ በእጁ መራው፤ ጨርስ፣ ጨርስ፣ መልስ፣ ምሰሶዋን ተጠንቀቅ። መኪናዋ ዞራ እስክትጠፋ እጁን አላወረደም።

በሩ ከዓይኑ ሄደ እንጂ ጥያቄው አልሄደም። ጠዋት ሲነቃ ማንን ነው ይላል፤ እሷ ምሰሶው ነው ጠማማው ትላለች፤ ይከራከሯታል እሱና ውሃ ልኩ፤ ይረጋጋል፣ ሻዩን ይጠጣል። እንዲህ ኖሩ። ቀስ በቀስ ክርክሩ አጠረ። መጀመሪያ ውሃ ልኩ ቀረ። ከዚያ ሳቁ ቀረ፤ ቀጥ ያለ ነው ብቻ ይላል።

አንድ ቀን ጭራሽ አልጠየቀም። ጠዋት ጠበቀችው፣ ምሳ ሲበላ ጠበቀችው። ያ ያስመረራት ጥያቄ ሲቀር ቤቱ ወና ሆነባት። ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲነሳ፣ በርጩማውን ምሰሶው ጥግ አድርጎ ወደተቀመጠበት ኮቱን ይዛለት ሄደች። ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ራሷ ጀመረች።

«ይሄ ምሰሶ እኮ ጠማማ ነው።»

ቀና ብሎ በአክብሮት አያት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንቺ እንጂ ሌላ ብሏት አያውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ኮቱ» አለ። «እርስዎም እንደሱ ይላሉ? እንዲያ የምትለው ባለቤቴ ናት።»

ከዚያ ወደ ቤቱ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለነገሩ ቀጥ ያለ ነው። ግን እሷ ፊት እንዳይናገሩ። ይከፋታል።»

ሴትዮዋ ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ቀጥ ያለ ነው፤ ዱሮም ታውቃለች። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«አልናገርም» አለችው።