ክሰሺኝ

አከራዩ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶታል። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ደረጃ ይመላለሳል። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ኧረ አንድ ቦታ እረፍ! አዞርከኝ እኮ» አለችው። አልሰማትም።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለችው ተከራዩ ልብስ ሰፊ ናት። በቀደም ስትወርድ የተደገፈችው የደረጃው ብረት ተነቅሎ አብራው ወደቀች፤ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ከእንግዲህ መቀስ አትይዝም ብሏል። ወጪው ከእሷም ከእሱም አቅም በላይ ነው። ደግነቱ ቤቱ ኢንሹራንስ አለው፤ በአከራዩ ጥፋት ሰው ከተጎዳ ኩባንያው ያሳክማል። ጥፋቱ የተጎጂዋ ከሆነ ግን እጁን አያስገባም።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። የኩባንያው መርማሪ ትናንት ደውሎ ቢጠይቃት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየሮጥኩ ነበር። ጋሼ ምን አደረጉ?» ብላው ቁጭ አለች።

አከራዩ ይሉኝታ ይዟት ነው ብሎ ደመደመ። ቤቱን ስትከራይ ያንን ከባድ የስፌት መኪና በትከሻው ተሸክሞ ያወጣላት እሱ ነበር። ታዲያ በየት አፏ ትክሰሰው? መርማሪው ሳይደርስ ሊያግባባት ወደ ላይ ወጣ።

ቀኝ እጇን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በግራዋ ክር ከመርፌ ጋር ታታግላለች። ክሩ አልገባ ብሏታል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እየመጣ ነው። ጥፋቱ የሳቸው ነው በይው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አፍ አለኝ?»

«አፍሽን ስትቆጥቢ እጅሽ ሊቀር ነው! ብረቱ ላልቷል ብለሽ ነግረሽኝ የለም?»

«ነግሬዎታለሁ፤ ግን…»

«ግን የለም! ክሰሺኝ!»

«ከዚያስ? ነገ ቤቴን ልቀቂ ቢሉኝ ማን ደጅ ልወድቅ ነው?»

አከራዩ ክው አለ። ለካ በተሰበረ እጇ እሱን ስትፈራ ነው የሰነበተችው። «አላስወጣሽም» አለ፤ ድምፁ ለራሱም ሰለለበት። ቀና ብላ አየችው፤ ማመኗ አላስታወቀም።

መርማሪው መጥቶ የተገነጠለውን ብረት አገላበጠ፤ የወለቀበትንም ቀዳዳ በጣቱ ለካ። ሁለቱ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«እህ፣ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኔ!» አለ አከራዩ።

«የኔ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መርማሪው ሳቁ መጣበት። «እኔ የለመድኩት ሰው ሲካካድ ነው። የሳቸውን ብጽፍ አለቆቼ ተጎጂዋ ራሷ ክዳለች ይሉኛል። እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ መውረድ ጀመረ።

አከራዩ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «በይ እንጂ! ምን ዘጋሽ?» ብሎ ጮኸባት።

«ነግሬያቸው ነበር!» አለች ድንገት። መርማሪው ከደረጃው መሐል ዞረ። «ብረቱን ነግሬያቸዋለሁ። እሺ፣ ነገ አሉኝ። አምፖሉም ከተቃጠለ ቆየ፤ በዳበሳ ነው የምወርደው። እሱም ነገ። ጣሪያው አፍስሶ የሰው የሙሽራ ቀሚስ አበላሸብኝ። ይሄም ነገ! ጋሼ ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሚስማር አይመታም!»

መርማሪው ግድግዳውን ተደግፎ ይጽፋል። የአከራዩ ጆሮ ጋለ። የለመናት ይህንኑ ነበር፤ ሲሰማው ግን መረረው።

«ጣሪያው እንኳን ዝናቡ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል!» አለች ሚስቱ ከታች። «ትጨርስ!»

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ቧንቧውም አለ» አለች።