የሰሜኑ በር

በዚያች የቴክሳስ ከተማ አደባባይ መካከል ያለው ቀይ የድንጋይ ፍርድ ቤት አራት በር አለው። ድሮ ሲሠራ በአራቱም በኩል ያሉት ነጋዴዎች "ጀርባውን ለእኔ እንዳይሰጠኝ!" ብለው ቢያስቸግሩት፣ መሐንዲሱ አንጀቱ አርሮ አራቱንም ወገን ፊት አደረገላቸው። የከተማው ሰው በዚህ ሲኩራራ አይጣል ነው!

ዘንድሮ ሸሪፉ ለፍተሻ እንዲመቸው አንድ በር ብቻ ይከፈት አለ። የካውንቲው ዳኛና የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ኦዴሳ ቲለሪ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ አፍታም አልፈጀባት። ጥቁር ሰው በሌላው በር ዝር እንዳይል በተከለከለበት ዘመን፣ እናቷ ሚስ ቨርሊን በሰሜኑ በር ገብተው፣ በጠባቡ ደረጃ ሰገነት ላይ ወጥተው ነው የወንድማቸውን ፍርድ ቆመው የሰሙት። እንግዲህ አገር ምድሩ በዚያው ይግባ አለች በልቧ። የቀራት የምክር ቤቱን አባላት፣ የኮሚሽነሮቹን ድምፅ ማግኘት ነው።

በደቡቡ በር ትይዩ ፋርማሲ ያለው ኮሚሽነር ክሌተስ ባውማን፣ በስብሰባው ላይ ሐሳቧን እንደሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

"እንዴ ኦዴሳ፣ ምን ነካሽ? ሰው ሁሉ በጓሮ በር ይግባ ነው የምትዪው?"

"ጓሮ አልክ?"

"ጠባብ ነዋ! ደግሞስ ዋናው በር እያለ?"

"ስማ ክሌተስ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ 'ፍርድ ቤታችን ጀርባ የለውም፣ አራቱም ፊት ነው' እያልክ የምትደሰኩረው አንተ አይደለህም? ወይስ ሰሜኑ ፊት የሚሆነው ለወሬ ብቻ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ድምፅ ሲሰጥ ከክሌተስ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

ሰኞ ጧት ሰልፉ የሣሩን መስክ አቋርጦ መንገድ ዳር ደርሷል። ኦዴሳ እናቷን ደግፋ መጣች። ኮርታለች፤ ለምን አትኮራ? ሰልፉ ቀስ እያለ ሄዶ በሩ ሥር ሲደርሱ፣ ከፊታቸው የቆመው ክሌተስ ዞር አለና ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሚስ ቨርሊን፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!"

አሮጊቷ በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ኦዴሳ የሚያለቅሱ መስሏት ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"የለም ልጄ፣ አንተ ግባ" አሉት። "እኔ በዚህ በር ብዙ ገብቻለሁ።"

ክሌተስ አንገቱን ደፍቶ ገባ።