ፍል ውሃውን የቻለ እግር

የጀብሪል የእግር ጣት ከጠቆረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መርሳ ከተማ ያየው ሐኪም «ስኳርህ ነው። ወልድያ ሄደህ ጣቷ ትቆረጥ፤ ከዘገየህ እግርህን ነው የምታጣው» ብሎት ነበር። አርሶ የሚያድር ሰው ቆርጠህ ጣል ሲባል ምን ይላል? «ሬሳዬን ይቁረጡት!» አለና ሚስቱን ረሂማን አስከትሎ ከግራና ከተማ በታች ወዳለው ፍል ውሃ ወረደ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ያመጣችው ረሂማ ናት። የእናቷን ቁርጥማት የነቀለላት ያ ውሃ ነበር።

ቦታው ገና ሳይታይ ድኙ ይሸታል፤ የተበላሸ እንቁላል ነው የሚመስለው። ጠዋት ሴቶች፣ ከቀትር በኋላ ወንዶች ይታጠባሉ። የታችኛው ገንዳ ለብ ያለ ነው። ላይኛው፣ ከምንጩ ዓይን ሥር ያለው ግን ሰው አያስጠጋም፤ የታመመ አካል ብቻ ነከር ተደርጎ ይወጣበታል። ተራ አስከባሪው ሼህ ኡበይደላ «ከዓይኑ ላይ የታገሠ፣ በሽታው ጥሎት ይሄዳል» ይላሉ። ይህን ሰምቶ ያልተመኘ በሽተኛ የለም።

ረሂማ በሴቶች ተራ እጇን ዓይኑ ሥር ነከረችና ጮኻ አወጣች። አንዲት አሮጊት «አይ ልጄ፣ ኒያሽ ሳስቷል፤ እምነት ያለው ይችለዋል!» ብለው ሳቁባት። አፈረች። ውሃው እንደሚያቃጥል ለባሏ አልነገረችውም፤ ልቡን እንዳልሰብረው ብላ ነው።

ከቀትር በኋላ ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ተቀምጣ ጠበቀችው። መጀመሪያ የወንዶቹ ሳቅ፣ ከዚያ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ጀብሪል፣ አያቃጥልህም እንዴ?» አለው አንዱ።

«ኧረ ለብ ያለ ነው» አለ ባሏ። «አብሽሩ፣ ገና አልጠገብኩትም።»

ሼህ ኡበይደላ ዱዓ ያዙ። ረሂማ ከካቡ ማዶ መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች፤ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ጀብሪል በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ እየሳቀ ወጣ። እግሩን ልታደርቅለት ፎጣውን አሳረፈች። ቆዳው ከፎጣው ጋር መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?» አላት። ምንም አላመመውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታው ራሱን ከበሽተኛው ሲደብቅስ? ለዚህ የሚሆን ተረት አበው አልተዉልንም።

ወልድያ ላይ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቤዛ የምትባለው ወጣት ዶክተር ረሂማን ወደ በረንዳው አወጣቻት።

«እናቴ፣ ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ገድሎታል። ፍም ላይ ቢቆሙም አያውቁትም። ውሃውን ቀድሞ የሞከረላቸው ሰው አልነበረም?»

«እኔ ሞክሬው ነበር» አለች ረሂማ።

ተመልሳ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች። ጀብሪል ነቅቷል፤ ሊያጽናናት ይሞክራል። «አታልቅሺ እንጂ! በአንድ እግሬም ቢሆን ማሽላዬን ከወፍ እጠብቃለሁ። ይችን የቀረችኝን አላህ አያሳጣኝ።»

ረሂማ እጇን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደደችና የቀረውን እግሩን ያዘች። የአውራ ጣቷን ጥፍር በውስጥ እግሩ ላይ ጫነችው። ጠበቀች። ጥፍሯ እስኪነጣ ደግማ ጫነችው።

ጀብሪል ስለ ማሽላው ማውራቱን ቀጠለ።