ማቀዝቀዣው ሥር የተገኘው ማስቲካ

ብሎኖቹን ፈትቼ የኮምፒውተሩን ግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ ስላቅቀው እንደ ንፍጥ የሚለጠጥ ነገር ተከትሎት መጣ። አመድማ ነው፤ መሃሉ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የጥርስ ምልክት አለ። የሰው አፍ ያኘከው ማስቲካ ነበር።

ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣውን ይህን ካርድ ያመጣችው የቤት ንድፍ የምትሠራ ሴት ናት። ከጥገና ሱቃችን ከወሰደችው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ትናንት ደውላ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የተቃጠለ ሚንት እንደሚሸታት ስትነግረኝ ስቄባት ነበር። አሁን ፊቴ ቆማ እጄን ታያለች። ኮምፒውተሩን ያስቀመጠችው ከአልጋ መነሣት የማይችሉት እናቷ ክፍል ውስጥ ነው፤ እየሠራች እንድትጠብቃቸው። እሳት ቢነሣ የሚሮጥ እግር የላቸውም።

ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ወደ ካርዱ የሚገባው አሥራ ሁለት ቮልት ነው። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ቺፕ ግን የሚችለው አንድ ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለቱ በቀጥታ ቢደርሰው ድምጥማጡ ይጠፋል። ስለዚህ በመካከላቸው ሥራውን የሚካፈሉ ተሸካሚዎች ተደርድረዋል፤ በዚህ ካርድ ላይ ስምንት መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ሞስፌት የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተቆራረጠውን ኮረንቲ ጥቅል ሽቦው ያለሰልሰዋል፤ ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። አንዲት ትንሽ ቺፕ ተራ ታስይዛቸዋለች። በየተራ ስለሚሸከሙ አንዱም አይጎዳም። አንዱ ሲሞት ግን ድርሻው በቀሩት ላይ ይወድቅና ይግላሉ።

በአጉሊ መነጽር ቆጠርኳቸው። አምስት ሞስፌት ብቻ። ሦስቱ ተነቅለዋል። ይሄስ ይሁን፤ የነሱ ጥቅል ሽቦዎች ግን ለይምሰል ተወልውለው እንዳሉ ተቀምጠዋል፣ ላየ ሰው ሙሉ እንዲመስለው። አምስቱ የስምንቱን ሸክም ተሸክመው ቦርዱን አክስለውታል። ሙቀታቸውን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ለስላሳ ፓድ ሲጠፋ ደግሞ በቦታው ይህ ቆሻሻ ተለጥፏል።

በሱቃችን ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ሚንት ማስቲካ ከአፉ የማይለይ አንድ ሰው አለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሙያውንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጠራሁት። ከጓዳ እያኘከ ወጣ። ካርዱን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ውስጥ ገብተን እንነጋገር አለኝ። ንቅንቅ አላልኩም። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ማየት ራሱ አስጠላኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ሥራ ነው?"

ዓይኑን በጨው አጥቦ መለዋወጫ እንደጠፋ፣ ሁሉም እንደዚህ እንደሚሠራ፣ እስከ ዛሬም የማንም ቤት እንዳልተቃጠለ ያወራ ጀመር። ቱግ ማለት ልማዴ ነው፤ ልክ ልኩን ልነግረው ስል ካርዱን ገለበጠና ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሩ ነካ አደረጋት።

"የጠገንኩት እኔ ነኝ። የፈተሸው ማነው?"

ወረቀቷ "በሙሉ ጭነት ለአንድ ሰዓት ተፈትሿል" ትላለች። ከሥሯ የእኔ ፊርማ አለ። ያን ቀን ያደረግሁት ትዝ አለኝ፤ ካርዱን ሰካሁት፣ ምስል መጣ፣ ፈረምኩ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው። አንድ ሰዓት አሠርቼው ቢሆን ሽታው ራሱ ይነግረኝ ነበር።

ሴትየዋ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

"እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። ፊርማሽን አይቼ ነው እናቴ አጠገብ ያስቀመጥኩት።"

በወንድሜ ላይ የነበረኝ ጥላቻ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ፤ የገዛ እጄን ማየት ቀፈፈኝ። ሌላ የምሰጣት ስላልነበረኝ ከራሴ ኮምፒውተር ላይ ካርዴን ነቅዬ ዘረጋሁላት። እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም፤ ማቀዝቀዣውን ፈትቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ፈታሁት። ሞስፌቶቹን በጣቷ እያመለከተች አንድ በአንድ ቆጠረች። ስምንት ነበሩ።

መልሼ ገጥሜ ልፈትሸው የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

"አንድ ሰዓት ነው ያልሽው አይደል?" አለችና ሰዓቷን አየች።