የቆርኪ ላይ ሰዎች

«ፎቶውማ እዚያ ውስጥ የለም፣ እትዬ» አለች የዳርጌ ሚስት ፅጌረዳ። ከበቡሽ ግን የብስኩቱን ቆርቆሮ ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፍታው ነበር። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል የሟች ወንድሟን የዳርጌን ጉርድ ፎቶ ስትፈልግ፣ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ከቆርቆሮው ውስጥ ቀና ብለው አዩዋት።

የወረቀት ሰዎች ናቸው። ቁመታቸው ከክብሪት እንጨት አይበልጥም፤ እያንዳንዱ ጭቃ በተሞላ የለስላሳ ቆርኪ ላይ ተተክሎ ቆሟል። አንዷን አንስታ አገላበጠቻት። በፊት በኩል ፊት አለ፣ በኋላ በኩል ደግሞ ጀርባ፤ ሹሩባዋ ሳይቀር ተስሏል። ሌላው ሾፌር ነው፣ ሌላው ፍየል የሚጎትት የሐመር ሰው፣ ሌላዋ ዘንቢል ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት።

«በኢየሱስ ስም!» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

አቶ ኤርጎ ናቸው፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ ዳርጌን ትናንት የቀበሩት። ጎንበስ ብለው ከሰዎቹ መካከል አንዱን በሁለት ጣታቸው አወጡ። አጭር ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ባርኔጣው የራሳቸው የአቶ ኤርጎ ባርኔጣ።

«ይሄ እኔ ነኝ!» አሉ። «የሰው ምስል ሠርቶ ቆርቆሮ ውስጥ መቆለፍ የምን ሥራ ነው? ይሄ የጠንቋይ ቤት ዕቃ ነው። ከነገው ጸሎት በፊት ይቃጠል። አለዚያ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ስለ ዳርጌ አልመሰክርም።»

ሽማግሌው ለሟቹ በሦስተኛው ቀን ካልመሰከረለት፣ ጂንካ ከተማ መሐል ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው ምን እንደሚል ከበቡሽ ታውቃለች። ብታቃጥለው ደግሞ ወንድሟ ጠንቋይ እንደነበር በገዛ እጇ መፈረሟ ነው። ጨነቃት። ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጭንቀቱ የባሰ የበላት ሌላ ነገር ነው፤ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?

ከበቡሽን የሚያውቅ ያውቃታል። ወይጦ ላይ ሻይ ቤት ከፍታ ሃያ ዓመት ስትኖር፣ ከመኪና የወረደ መንገደኛ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ማንን አገባ ሳትል ስኳር አቅርባ አታውቅም።

«ምን ያደርግባቸው ነበር?» አለች ፅጌረዳን፣ ሽማግሌው እንደወጡ።

«እኔ እንጃ። እሁድ እሁድ ከሰዓት ከጓደኛው ከዶላሞ ጋር በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ። በቆሎ ሲወረውሩ ይሰማል፤ ከዚያ ይስቃሉ። እሱን ደስ ካለው ብዬ አልጠየቅሁም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሽም? አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? እኔ ብሆን ግድግዳውን ቀድጄ አይ ነበር!»

ይህን እንዳለች ሌላ ሐሳብ መጣባት። በቆሎ መወርወር? ጠጠር ጣይ እንደሚያደርገው? ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ሲባል፣ እሷ ዳርጌን ታስብ ነበር። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያደገው በእሷ እጅ ነው። ስኳር የምትጠቀልልበትን ወረቀት እየቆራረጠ ስንት ጊዜ በእሷ ተገርፏል! አድጎ ጂንካ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የሚያባዛ ሠራተኛ ሲሆን፣ «ይኸው ወረቀት ላይ ተሾምክ» ብላ ስቃበታለች። ባለፈው መስከረም ሊጠይቃት መጥቶ፣ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የክብሪት እንጨት ወደ መንገደኞቹ ቀስሮ አየችው።

«አንተ፣ ሰው ላይ አትቀስር፤ ነውር ነው!»

«ልክ እየወሰድኩ ነው።»

«የምን ልክ?»

ሳቀ። ሊነግራት አፉን ሲከፍት የጭነት መኪና መጣና ሻይ ልትቀዳ ሄደች። ስትመለስ ረሳችው። በዚህ በሰባ ዘጠኝ ክረምት ወባ በስድስት ቀን ወንድሟን ነጥቋት እስኪሄድ ድረስ አላስታወሰችውም። ያቺን መኪና አሁን ብታገኛት በድንጋይ ትላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዶላሞ ለድንኳኑ ውሃ ጭኖ መጣ። የወባ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የአሪ ሰው፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ከበቡሽ ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮው እንሰት ሥር ጎተተችው። ቆርቆሮው ከነጠላዋ ሥር ነው።

«ዶላሞ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣም። ወንድሜ ይጠነቁል ነበር?»

ዶላሞ አፈጠጠባት። «ይጫወት ነበር እንጂ፣ እትዬ!»

ተቀምጦ አስረዳት። ዳርጌ የፈተና ማባዣው ስቴንስል የሚመጣበትን ካርቶን አጥፎ ፊትና ጀርባ ይስላል፣ በምላጭ ይቆርጣል፣ በዱቄት ሙጫ ያጣብቃል። የክረምት እርጥበት እንዳያጣምመው ደግሞ ሻማ ይቀባዋል። ጨዋታው ሲጀመር መንገዱን የሚያወራው እሱ ነው። ዝናብ መጣ፣ ድልድይ ተሰበረ፣ ሽፍታ ወጣ ይላል። ዶላሞ የራሱን ሰው ይዞ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ከዚያ አንድ ጎናቸው በቀለም የጠቆረ አምስት የበቆሎ ፍሬ ይወረውራል። ሦስት ጥቁር ከወጣ ያሰበው ይሳካል።

«ካነሰስ?»

«ካነሰ የሚሆነውን ዳርጌ ይነግረኛል።»

«ማን ያሸንፋል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ጨዋታው?»

«ከዚያ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነዋ፣ እትዬ።»

ከበቡሽ በረጅሙ ተነፈሰች። ይሄማ የገባት ነገር ነው። «አሳየኝ» አለች።

ዶላሞ ከቆርቆሮው ሥር በቆሎዎቹንና ወንዝና መንገድ የተሳለበት የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋና ከዚህ በፊት የተጫወቱትን ያሳያት ጀመር። የእሱ ሾፌር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። መኪናውን በትከሻዬ እገፋለሁ አለ። ያን ጊዜ ሲወረውር አንድ ጥቁር ብቻ ወጣ። «ዳርጌ ምን አለኝ መሰለሽ? መኪናው ንቅንቅ አላለም፣ ሱሪህ ግን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ዘንቢል የያዘችው ሴትዮም አይታሃለች አለኝ።»

ከበቡሽ ሳቀች። ልታፍነው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች።

«በለቅሶ ቤት!» አቶ ኤርጎ ከእንሰቱ ማዶ ቆመዋል። ዶላሞ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ ቆርኪዎቹን አዩ፣ ሊገሥጹ ያነሡትን እጅ መልሰው አወረዱ።

«እኔንስ ምን አድርጎኛል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እርስዎ ወንዝ ዳር ነው የሚቆሙት፣ ጋሼ። መሻገር ያቃተውን አዝለው ያሻግራሉ። ሥራዎ እሱ ነው።»

አቶ ኤርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዳርጌ ልጅ ሆኖ ለትምህርት ወደ ጂንካ ሲመጣ» አሉ፣ «መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ መኪናው ቆመ። አዝዬው ተሻገርኩ። ፈርቶ ሁለቱንም ጆሮዬን ጨምድዶ ይዞ ነበር።» ጆሯቸውን ዳሰሱ። «ለዚህ ነዋ ጆሮዬን እንዲህ ያተለቀው! ይሄ ባለጌ ልጅ!» ፈገግታቸው ከእንባቸው ጋር ተቀላቀለ።

«እህ፣ ጋሽ ኤርጎ፣» አለች ከበቡሽ፣ «ይቃጠል?»

«የት ላይ ነበር ያቆማችሁት?» አሉ ዶላሞን።

ዶላሞ አጭሩን ሽማግሌ ከቆርቆሮው አውጥቶ ሰማያዊው ወንዝ መሐል አቆመው። «አንድ ተማሪ አዝለው ገብተዋል። ውሃው ደረትዎ ደርሷል። እዚህ ላይ ስንደርስ ዳርጌን ትኩሳቱ ያዘውና ተኛ።»

አቶ ኤርጎ በቆሎዎቹን በሁለት እጃቸው አናውጠው ወረወሩ። ሦስቱም ሊያዩ አጎነበሱ። ሁለት ጥቁር።

«አነሰ» አሉ አቶ ኤርጎ። «ከዚያስ? ልጁን ጣልኩት?»

ዶላሞ መልሱን ከዚያ እንደሚጠብቅ ሁሉ ወደ ቀኙ፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት ሣር ዞር አለ። ከበቡሽም ዞር አለች። በዚህ ዓለም ይህን የሚመልስላት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት።

ድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ አለቀ። አቶ ኤርጎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ሕዝቡ እየጠበቀኝ ነው» አሉና ሄዱ፤ ዶላሞም ተከተላቸው። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ከድንኳኑ ተሰማ። «ወንድሞችና እህቶች፣ ዳርጌ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ...»

ከበቡሽ ሽማግሌውን ከወንዙ መሐል በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገችው። ወደ ወዲያኛው ዳር አላሻገረችውም፣ ወደ ወዲህኛውም አልመለሰችው። ከውሃው በላይ ይዛው ቀረች። እጇ ሲዝል በሌላኛው እጇ ደገፈችው።