የፕሮሰሰሩ ምልክት

ማማ ኢሶኬን ሌጎስ ውስጥ ወዳለው የኢኬጃ የኮምፒውተር ገበያ ስትወርድ ሌባ ፈርታ የእጅ ሰዓቷንም የጋብቻ ቀለበቷንም ቤት ትታ ነው። ልጇ ኢሶኬን ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። ነገ ጠዋት መምህሮቿ ፊት ቆማ የመመረቂያ የሕንፃ ንድፏን ስክሪኑ ላይ እያሽከረከረች ማሳየት አለባት። ላፕቶፑ ግን ንድፉን ክፈት ሲሉት ያቃስትና ድርቅ ይላል። ካላሳየች ዓመቱን ትደግማለች። አዲስ መግዛት ደግሞ የሚታሰብ አይደለም።

ጠጋኙ ዋሲዩ ጃንጥላው ሥር ላፕቶፑን ገልብጦ አየው።

«አሮጌ መሆኑ በጀ። የዛሬዎቹ አንጎላቸው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ተበይዶ ነው የሚመጣው። የዚህ ግን እንደ ጥርስ ይነቀላል፤ ፈጠን ያለ እተካለታለሁ።»

«ዓይኔ እያየ!» አለች ማማ ኢሶኬን። «ወደ ጓሮም ሆነ ወደ ሽንት ቤት ይዘኸው ብትሄድ አብሬህ እገባለሁ።»

«ሽንት ቤቱ ለሁለት ሰው አይበቃም፣ ማሚ።»

እሷ አልሳቀችም። ጎረቤቷ ስልኳን እዚሁ አስጠግና ቤቷ ስትገባ ውስጡ የሌላ ስልክ ሆኖ ነው ያገኘችው። ለዚህም ነው እዚህ ገበያ ብልጥ የተባለ ሁሉ ዕቃው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት የሚያደርገው።

ዋሲዩ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ማቀዝቀዣውን አነሳ። አሮጌው ፕሮሰሰር ላይ የደረቀውን ቅባት ጥርግ አድርጎ ነቀለው። ጠረጋውን ማማ ኢሶኬን ልብ አለች። ከላይ ምልክት ብታደርግ እንዲህ ይጠርግባታል። ከሥር ግን ማን ያያል?

«አዲሱን እስቲ ስጠኝ። ልጸልይበት።»

በሌጎስ የእናት ጸሎት የሚያቋርጥ ጠጋኝ ገና አልተወለደም። ዋሲዩ ሙስሊም ቢሆንም ዕቃውን ሰጣትና አንገቱን ደፋ። ዞር አለች። «ጌታ ሆይ፣ የጠላትን እጅ ከዚህ ዕቃ ላይ አንሳ!» እያለች ከጡት መያዣዋ ቀይ የጥፍር ቀለሟን መዘዘች፤ ከፕሮሰሰሩ ሥር እንደ መርፌ የቆሙት እግሮች ላይ ቀባ አደረገችው። እስኪደርቅ እፍ እፍ እያለች ጸሎቱን አረዘመችው። ለአገሩም ጸለየች፤ ለዋሲዩ ሚስትም ጸለየች።

«አሚን» አለ ዋሲዩ። «ሚስት ግን የለኝም።»

«ትመጣለች።»

ዋሲዩ ከጎረቤት ጠጋኝ ጋር በኳስ ቡድን እየተሰዳደበ ተቀብሎ ሥሩን ሳያይ ሰካው። ቅባቱን ቀባ፣ ማቀዝቀዣውን አሰረ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ደገመው። ያው ጥቁር። ኢሶኬን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ለወጥከው!» ማማ ኢሶኬን ብድግ አለች። «የልጄን ዕቃ ለወጠው! ሌባ! ሌባ!»

ሰው ከየጃንጥላው ሥር ተግተለተለ። መቀሱን እያንቋቋ የሚዞረው ጥፍር ቆራጭ ሳይቀር መጣ።

«ማሚ፣ እዚህ ገበያ እኮ ይቺ ቃል ሰው ታስገድላለች! ይኸው፣ ሁሉም እያየ ልፍታው!» ዋሲዩ ፈታው፤ ፕሮሰሰሩን ነቅሎ ገለበጠው።

«ደም ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ኢሶኬን ቀዩን አየች። ከዚያ የእናቷን ጥፍሮች አየች።

«እማዬ...»

ማማ ኢሶኬንን ላብ አጠመቃት። ዝም ካለች ዋሲዩ ዕቃው ተበላሽቶ ነው የመጣው ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላ ሲፈለግ ይመሻል፤ ልጅቷ ነገ ባዶ እጇን ትቆማለች። ከተናገረች ደግሞ ይህ ሁሉ ሕዝብ መሳቂያ ያደርጋታል።

«የኔ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ምልክት ነው።»

«እግሮቹ ላይ?» ዋሲዩ ጭንቅላቱን ያዘ። «በነሱ እኮ ነው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው! አፉን ነው የደፈኑት!»

«ጸሎቱስ?» አለ ጎረቤቱ ጠጋኝ።

«ጸሎቱማ ተሰምቷል» አለ ዋሲዩ። « የጠላት እጅ ተነስቷል። የቀረው የእሳቸው እጅ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጥፍር ቆራጩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ከሳጥኑ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶን አውጥቶ ሰጠ። ዋሲዩ በጥርስ ብሩሽ፣ እግር በእግር፣ ቀስ እያለ አጸዳው። ማማ ኢሶኬን የስልኳን መብራት ያዘችለት። መልሶ ገጠመው። ጣቱ ግን ማብሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሌባ ሲሉኝ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰምቷል። ነገም እዚሁ ነው የምሠራው። በዚያው ድምፅ ይመልሱልኝ፤ ያለዚያ አልጫነውም።»

ልጇን አየቻት። ኢሶኬን ከንፈሯን ነክሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጣለች። ማማ ኢሶኬን ደረቷን በአየር ሞላች።

«ዋሲዩ ሌባ አይደለም!» የገበያው ጀነሬተሮች እንኳን ጸጥ ያሉ መሰለ። ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፦ «በዛሬው ቀን!»

«እሱም ይበቃኛል» አለና ተጫነው።

ስክሪኑ በራ። ኢሶኬን ሰዉን እየገፋች ገብታ ንድፏን ከፈተች። ሕንፃው ከነመስኮቱ፣ ከነደረጃው ወዲያው ብቅ አለ፤ በጣቷ ስትነካው ሳያቃስት ዞረ። ደጋግማ አዞረችው። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

ማማ ኢሶኬን የዋሲዩ በርጩማ ላይ ዘጭ አለች።

«ነገ መምህሮችሽ ፊት እንዲህ እንዳታሽከረክሪው» አለች። «ቀስ አድርጊው። እኔን ራሴን አዞረኝ።»